ካርቶን እንዴት ጠነከረ? ፋብሪካና ላቦራቶሪ አብረው የሠሩት የመቶ ዓመት ሥራ

ነሐሴ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ የማሸጊያ ደንብ ተግባራዊ መሆን የሚጀምርበት ቀን ነው። ስለ ደንቡ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፕላስቲክ ነው። ካርቶንም ግን አለበት። ከዝዋይ ወይም ከሆለታ ተነስቶ ሆላንድ የሚገባ ጽጌረዳ የታሸገበት ካርቶን ሳይቀር። ወደ አውሮፓ ገበያ የሚገባ ማሸጊያ መስፈርቱን ማሟላቱ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2030 ጀምሮ ደግሞ ተመልሶ ጥሬ ዕቃ መሆን የማይችል ማሸጊያ በዚያ ገበያ ቦታ እያጣ ይሄዳል።

አስመጪው ሰነድ ይጠይቃል። ላኪው ካርቶን ፋብሪካውን ይጠይቃል። ፋብሪካውስ ማንን ይጠይቃል? ካርቶኑ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም፣ እርጥበት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን፣ ወረቀቱ ውስጥ ምን ዓይነት ፋይበር (ቃጫ) እንዳለ የሚለካለት ማን ነው?

ካርቶን ቀላል ነገር ይመስለናል። እቃው ከወጣ በኋላ እንጥለዋለን፣ ወይም ለቆራሌው እንሰጠዋለን። ከጀርባው ግን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ምርምር አለ። ይህን ታሪክ ማውራት የፈለግሁት ለእኛ የሚሆን ነገር ስላለበት ነው። ተፎካካሪ ፋብሪካዎች ብቻቸውን ሊመልሱት ያልቻሉትን ጥያቄ ገንዘብ አዋጥተው ለአንድ ተቋም ሰጡ። መንግሥትም የራሱን ላቦራቶሪ አቆመ። ካርቶን ዛሬ ካለበት የደረሰው በእነዚህ በሁለቱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባርኔጣ ወደ ሳጥን

ባለ ሞገዱ ወረቀት ሲወለድ ከሳጥን ጋር አይተዋወቅም ነበር። በ1856 ሁለት እንግሊዛውያን፣ ኤድዋርድ ሂሊና ኤድዋርድ አለን፣ የፈጠራ መብት ያወጡለት ለረዣዥም ባርኔጣዎች ገበር እንዲሆን ነው። ላብ ይመጥጣል፣ አየር ያሳልፋል፣ ጭንቅላትንም አይጎዳም። በ1871 ኒውዮርክ ውስጥ አልበርት ጆንስ ተመሳሳይ ወረቀት ጠርሙስና የፋኖስ ብርጭቆ ለመጠቅለል አዋለው። ችግሩ፣ ሞገዱ ብቻውን ሲሆን በቀላሉ ይዘረጋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦሊቨር ሎንግ በአንድ ጎኑ ልሙጥ ወረቀት ለጠፈበት። ቆይቶ በሁለቱም ጎን ተለጠፈ። ዛሬ የምናውቀው ካርቶን ይኸው ነው። ሁለት ልሙጥ ወረቀት፣ መሃላቸው ሞገድ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ በሞገዱ ምክንያት እንደሚጠነክር ሁሉ፣ ቀጭን ወረቀትም ሞገድ ሲይዝ ክብደት መሸከም ይጀምራል።

በ1879 ደግሞ ብሩክሊን ውስጥ ሮበርት ጌር የተባለ የወረቀት ከረጢት አምራች አንድ አደጋ ገጠመው። በማተሚያው ላይ ያለ ብረት ከቦታው ተንሸራቶ፣ ወረቀቱ ላይ የማጠፊያ መስመር ማውጣት ሲገባው ቆረጠው። ብዙ ከረጢት ተበላሸ። ጌር ግን በአንድ ምት መቁረጥም የማጠፊያ መስመር ማውጣትም እንደሚቻል ያን ጊዜ ገባው። ሳጥን እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ሆኖ ተጓጉዞ ደንበኛው ጋ ሲደርስ መታጠፍ ቻለ። የማጓጓዣ ወጪው ምን ያህል እንደወረደ መገመት አያስቸግርም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የፈጣሪዎች ታሪክ ነው። ላቦራቶሪ የለበትም። ኢንዱስትሪውን ወደ ምርምር የገፋው የባቡር ኩባንያዎችና የእንጨት ሳጥን ጉዳይ ነው።

በ1900ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ዕቃ የሚጓዘው በእንጨት ሳጥን ነበር። የባቡር ኩባንያዎች የወረቀት ሳጥን አላመኑትም። በምዕራቡ ክፍል የሚሠሩት ኩባንያዎች በወረቀት ሳጥን የታሸገ ዕቃ ላይ ከፍ ያለ ታሪፍ ይጥሉ ነበር። እንጨትና ሳንቃ ትልቅ ደንበኞቻቸው መሆናቸውም አይረሳ። ሎስ አንጀለስ ያለ ፕሪድሃም የተባለ የሳጥን አምራች ድርጅት ጉዳዩን በግዛቶች መካከል የሚደረገውን ንግድ ለሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሚሽን አቀረበ። በ1914 ኮሚሽኑ ለካርቶኑ ፈረደ። በእንጨት ሳጥንና በወረቀት ሳጥን መካከል በታሪፍ ማዳላት ተከለከለ።

ፍርዱ በሩን ከፈተ። ግን ሌላ ጥያቄ አመጣ። ዕቃው መንገድ ላይ ቢሰበር ካሣ የሚከፍለው ማን ነው? ባቡሩ ነው ወይስ ደካማ ካርቶን የተጠቀመው ነጋዴ? ይህን ለመዳኘት «ጠንካራ ካርቶን» ማለት ምን እንደሆነ በቁጥር መናገር ያስፈልጋል።

በእጃቸው የነበረው መለኪያ አንድ ነበር። በ1887 ጆን ሙለን የሠራው መሣሪያ። ወረቀቱን አጥብቆ ይይዝና ከሥር በግፊት እስኪፈነዳ ይገፋዋል። የባቡር ኩባንያዎች ደንብ ቁጥር 41 ብለው ባወጡት መስፈርት ውስጥ ይህ የመፈንዳት ልኬት ከወረቀቱ ክብደት ጋር ገባ። ለመለካት ቀላል ነው፣ ሁሉም ፋብሪካ ሊያደርገው ይችላል። እንከኑ ሌላ ቦታ ነው። መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ የቆመ ካርቶን አይፈነዳም። ከላይ በተጫነው ክብደት ይጨፈለቃል። መለኪያው የሚለካውና በተግባር የሚደርሰው ጉዳት የተለያዩ ናቸው። ይህ ክፍተት እስኪደፈን ብዙ አሥርተ ዓመታት ወሰደ።

ዊስኮንሲን

የአሜሪካ የደን አገልግሎት በ1910 ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ማዲሰን ከተማ ላይ የደን ውጤቶች ላቦራቶሪን ከፈተ። የመንግሥት ተቋም ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ሳጥን ማንከባለል ነበር። ባለ ስድስት ጎን ትልቅ ከበሮ ሠሩ። ሳጥኑ ዕቃ እንደያዘ እዚያ ውስጥ እየተንከባለለ ይወድቃል። ስንት ጊዜ ከወደቀ በኋላ፣ በየትኛው ጥግ በኩል እንደሚከፈት ይመዘገባል። ሥራው ተራ ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ በፊት የሳጥን ጥንካሬ የልምድና የክርክር ጉዳይ ነበር። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ደግሞ ጥያቄውን አስቸኳይ አደረጉት። ጥይትና ምግብ በመርከብ ባሕር አቋርጦ፣ ዝናብ ላይ ተራግፎ፣ ሳይበላሽ መድረስ ነበረበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውሃ የሚቋቋሙ ካርቶኖች በብዛት የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ላቦራቶሪው ለሠራዊቱ ባለሙያዎች የአስተሻሸግ ሥልጠናም ይሰጥ ነበር።

ከማዲሰን ሥራዎች መካከል እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ስለ ወረቀቱ ጥሬ ዕቃ ያደረጉት ነው። ያን ጊዜ የካርቶኑ ሞገድ በብዛት የሚሠራው ከስንዴ ጭድ ነበር። በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ጭድ ሞልቷል። ልሙጦቹ ወረቀቶች ከጥድ ዓይነት ዛፎች ይመጣሉ። ሰፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ግን ፋይበራቸው አጭር ስለሆነ ለጠንካራ ወረቀት አይፈለጉም ነበር። የላቦራቶሪው ተመራማሪዎች በ1920ዎቹ አንድ ዘዴ አወጡ። የእንጨቱን ፍልጥ በሶዲየም ሰልፋይት ለስለስ እስኪል ብቻ ይቀቅሉታል፣ የቀረውን በማሽን ይፈጩታል። ሙሉ በሙሉ በኬሚካል ሲቀቀል ከእንጨቱ ግማሽ ያህሉ ብቻ ወረቀት ይሆናል። በዚህ ዘዴ ሦስት አራተኛ ገደማ ይተርፋል። የሚወጣው ወረቀት ግትር ነው። ለከረጢት አይሆንም፣ ለሞገድ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አይገኝም።

በ1925 ዘዴው መጀመሪያ በፋብሪካ ደረጃ የተሞከረው ቴነሲ ውስጥ ነው። ጥሬ ዕቃው ቼስትነት ከተባለው ዛፍ ለቆዳ ማልፊያ የሚሆነው ታኒን ከተጨመቀ በኋላ የሚጣለው ፍልጥ ነበር። ዛፉ በዚያን ጊዜ በሽታ ገብቶበት ከአሜሪካ ደኖች እየጠፋ ነበር። የአንድ ኢንዱስትሪ ትርፍራፊ የሌላው ጥሬ ዕቃ ሆነ። ያ ዘዴ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። አንድ የታኒን ፋብሪካ ይህን ብቻውን ሊያገኝ አይችልም ነበር። የሚጣል ፍልጥ ነበረው፤ ኬሚስትና የሙከራ ማሽን ግን አልነበረውም። ላቦራቶሪው ደግሞ ኬሚስቱና ማሽኑ እያሉት ትክክለኛውን ጥያቄ ያገኘው ከፋብሪካ ነው።

ማጣበቂያውም ተለወጠ። ካርቶን ለረጅም ጊዜ የተጣበቀው በሶዲየም ሲሊኬት ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ ስታይን ሆል በተባለ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጆርዳን ባወር ከበቆሎ ስታርች የሚዘጋጅ ማጣበቂያ አወጣ። ጥሬው ስታርች በትንሽ የተቀቀለ ስታርች ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ማሽኑ ላይ ሙቀት ሲያገኝ እዚያው ይበስልና ይይዛል። ይህ የኩባንያ ምርምር ፍሬ ነው። ሁሉም ነገር ከመንግሥት ላቦራቶሪ አልመጣም።

ከማዲሰን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ አፕልተን ከተማ ላይ፣ በ1929 ሌላ ዓይነት ተቋም ተቋቋመ። የወረቀት ኬሚስትሪ ኢንስቲትዩት ይባላል። ያቋቋሙት የዊስኮንሲን ወረቀት ፋብሪካዎች ከሎውረንስ ኮሌጅ ጋር ሆነው ነው። ፋብሪካዎቹ አባል ሆነው ይከፍላሉ። ተቋሙ ተማሪ ያሠለጥናል፣ ምርምር ያካሂዳል። ተማሪው ሲመረቅ ወደ ፋብሪካው ይገባል። ቆይቶ ተቋሙ ወደ አትላንታ ተዛወረና የጆርጂያ ቴክ አካል ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። እነዚህ ፋብሪካዎች ገበያ ላይ ይጣላሉ። አንዱ የሌላውን ደንበኛ ይቀማል። እንዴት ነው ለአንድ ላቦራቶሪ በጋራ የከፈሉት? ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠላታቸው ጎረቤት ፋብሪካ ብቻ አልነበረም። የእንጨት ሳጥንም ነበር፣ ቆይቶ ደግሞ ፕላስቲክ። ካርቶን በአጠቃላይ እምነት ካጣ ሁሉም ይጎዳል። ስለዚህ የጋራ ጥያቄና የግል ጥያቄ ለዩ። ካርቶን ለምን ይጨፈለቃል? ይህ የጋራ ነው። የእኔን ካርቶን በምን ያህል ዋጋ ልሽጥ? ይህ የግል ነው።

አንዲት ቀመር

የክራፍት ወረቀት (የጠንካራው የማሸጊያ ወረቀት) አምራቾች ማኅበር በከፈለው ገንዘብ የአፕልተን ተመራማሪዎች ለዓመታት ካርቶን ሲጨፈልቁ ኖሩ። በ1963 ማኪ፣ ጋንደርና ዋቹታ አንዲት አጭር ቀመር አሳተሙ። የሳጥኑን የመሸከም አቅም ለማወቅ ሦስት ነገር ይበቃል አሉ። አንደኛ፣ የካርቶኑ ጠርዝ ቁጭ ተደርጎ ሲጫን የሚችለው ክብደት። ሁለተኛ፣ የካርቶኑ ውፍረት። ሦስተኛ፣ የሳጥኑ ዙሪያ። ውፍረቱንና ዙሪያውን አባዝቶ ሥርውን (ስኩዌር ሩት) ማውጣት፣ በጠርዝ ጥንካሬው ማባዛት፣ ከዚያ በ5.87 ማባዛት። በቃ።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች የካርቶን ሥር ላይ የታተመውን ክብ ማህተም ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ 32 የሚል የጠርዝ ጥንካሬ ቁጥር ታገኙበታላችሁ። በአንድ ኢንች ጠርዝ 32 ፓውንድ ይችላል ማለት ነው። ሳጥኑ በአራቱም ጎን 15 ኢንች ከሆነ ዙሪያው 60 ኢንች ነው። ውፍረቱን 0.16 ኢንች አድርጉት። ቀመሩ 580 ፓውንድ ገደማ ይሰጣል፣ ማለትም ወደ 264 ኪሎ። በወረቀት ሳጥን!

ነገር ግን ይህ ቁጥር የላቦራቶሪ ቁጥር ነው። በደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ለአፍታ የተጫነ አዲስ ሳጥን ነው። መጋዘን ውስጥ ጊዜና እርጥበት አለ። የማዲሰኖቹ ኬሊከትና ላንት በ1951 ሳጥን ክብደት ተሸክሞ ስንት ቀን እንደሚቆይ ያጠኑት ለዚህ ነው። ዛሬ የካርቶን ባለሙያዎች የሚሠሩባቸው ግምቶች አሉ። ሳጥኑ ለአንድ ወር ተጭኖ ከቆየ ከአቅሙ 40 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ ይቆጠራል። የአየሩ እርጥበት 90 በመቶ ሲደርስ ደግሞ የቀረው አቅም በግማሽ ይወርዳል። ከ264 ኪሎ ተነስታችሁ አስሉት። 80 ኪሎ ላይ ትደርሳላችሁ። አደራደሩም ይጎዳዋል። የሳጥን ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በአራቱ ማዕዘኖቹ ላይ ነው። ሳጥኖች ማዕዘን በማዕዘን ላይ ካልተደረደሩ፣ እንደ ጡብ ተጠላልፈው ከተቀመጡ፣ ከአቅማቸው ግማሽ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል። ሱቅ ወይም መጋዘን ያለው ሰው ይህን ቢያውቅ ብዙ ዕቃ ያተርፋል።

ከዚህ የባሰም አለ። በ1972 የማዲሰኑ ተመራማሪ በርድ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። እርጥበቱ ከፍ ብሎ ከቆየበት ሁኔታ ይልቅ፣ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሁኔታ ወረቀቱን ክብደት ተሸክሞ እያለ ቶሎ ያደክመዋል። ቀን ደረቅ፣ ሌሊት እርጥብ። ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሙቅ ሜዳ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ቀዝቃዛ። አበባና ፍራፍሬ የሚላክበት መንገድ በትክክል ይህ ነው።

ስዊድኖች ከሌላ አቅጣጫ መጡ። ስቶክሆልም ላይ በ1942 የእንጨት ምርምር ተቋም ሲቆም መንግሥትና ኢንዱስትሪው ወጪውን ተካፍለው ነው። ፊንላንዶች የጋራ ላቦራቶሪያቸውን በ1916 ከፍተዋል፣ ኖርዌዮች በ1923። ደን ያላቸው ትናንሽ አገሮች ናቸው፣ አንዱ ፋብሪካ ብቻውን እንደማይችል ቀድመው ገብቷቸዋል። የስዊድኑ ተቋም ካበረከተው ሁሉ የምወደው አንዲት ትንሽ መሣሪያ ናት። ችግሩ እንዲህ ነው። ቀጭን ወረቀት በጠርዙ ስትገፋው ይጎብጣል። ስለዚህ የምትለካው መጉበጡን እንጂ ጥንካሬውን አይሆንም። ስዊድኖቹ ወረቀቱን በሁለት መያዣ ጠበቅ አድርገው ያዙና መሃል ላይ 0.7 ሚሊሜትር ብቻ ነፃ ተዉት። በዚህች ክፍተት ውስጥ ወረቀቱ ለመጉበጥ ቦታ የለውም። እውነተኛ ጥንካሬው ይለካል። ዛሬ ዘዴው ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። ፋብሪካው ካርቶኑን ከመሥራቱ በፊት፣ ገና ጥቅል ወረቀት እያለ፣ ሳጥኑ ምን ያህል እንደሚሸከም መገመት ይችላል።

አሁን ወደ ደንብ ቁጥር 41 እንመለስ። የአፕልተኑ ቀመር የታተመው በ1963 ነው። የአሜሪካ የማጓጓዣ ደንብ ከመፈንዳት ልኬት ጎን ለጎን የጠርዝ ጥንካሬን አማራጭ አድርጎ የተቀበለው በ1991 ነው። 28 ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ፋብሪካዎች ከሚያስፈልገው በላይ ከባድ ወረቀት ሲጠቀሙ ኖሩ፣ ደንቡ የሚጠይቀው ክብደትና መፈንዳት ስለነበር። ደንቡ ሲቀየር ግን ቀለል ያለ ካርቶን ያንኑ ሥራ መሥራት ጀመረ። ምርምር ብቻውን አይበቃም። ደንብ የሚያወጣው አካል ከተመራማሪው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጠ ግኝቱ መደርደሪያ ላይ ያረጃል።

ማን ከፈለው?

ኢንዱስትሪ ለምርምር ሲከፍል ውጤቱ ይታመናል ወይ? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ሊሸፈንም አይገባም።

በ2021 የኦስትሪያው ግራዝ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት አወጣ። ከዚያ በፊት የወረቀት ፋይበር አምስት፣ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ተመልሶ ከተሠራ በኋላ ያልቃል ይባል ነበር። ጥናቱ ግን ከ25 ጊዜ በላይ ቢመላለስም ብዙ እንደማይጎዳ አሳየ። ጥናቱን ያሠራው የአውሮፓ የካርቶን አምራቾች ማኅበር ነው። ይህ ማለት ጥናቱ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሙከራው ተገልጿል፣ ሌላው ሊደግመው ይችላል። ግን የላቦራቶሪ ዙርና የገሃዱ ዓለም ዙር አንድ አይደሉም። በገሃዱ ዓለም ካርቶኑ ላይ ዘይት ይፈስበታል፣ ስኮች ይለጠፍበታል፣ ዝናብ ይመታዋል።

በሌላ በኩል ኢንዱስትሪው ሊሰማው ያልፈለገው ነገር ከመንግሥት ላቦራቶሪ መጣ። የዙሪክ ካንቶን የምግብ ላቦራቶሪ ተመራማሪ ኮኒ ግሮብ ከ2010 ገደማ ጀምሮ ተመልሶ ከተሠራ ካርቶን የማዕድን ዘይት ወደ ደረቅ ምግብ እንደሚገባ አሳየ። አንዱ ዋና ምንጩ የጋዜጣ ቀለም ነው። አሮጌ ጋዜጣ ተቀቅሎ ካርቶን ይሆናል። ቀለሙ ውስጥ ያለው ዘይት ይተንና በካርቶኑ ውስጥ ወዳለው ሩዝ ወይም ፓስታ ይገባል። የምግብ አምራቾች የውስጥ ከረጢት መቀየር ጀመሩ፣ የቀለም አምራቾችም ሌላ ዓይነት ቀለም መፈለግ ያዙ። የካርቶን ማኅበር ራሱ ይህን ጥናት በገዛ ገንዘቡ ያሠራ ነበር ብዬ አላምንም። ለዚህ ነው ሁለቱም ዓይነት ተቋም የሚያስፈልገው። አንዱ ከፋብሪካው ጋር ተጠግቶ የሚሠራ፣ ሌላው ከፋብሪካው ደመወዝ የማይጠብቅ።

ወደ እኛ ስንመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ ካርቶን የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ወንጂ ላይ የወረቀት ፋብሪካ ካለን ቆይቷል፣ ቡራዩም የማሸጊያ ፋብሪካ አለ፣ በግል የተከፈቱም አሉ። ጠንካራው ክራፍት ወረቀት ግን በአብዛኛው ከውጭ በዶላር ይገባል። ዶላር ሲጠፋ ካርቶን ይጠፋል። የአበባ እርሻውም፣ የዘይት ፋብሪካውም፣ የጫማ ፋብሪካውም ይህን ያውቀዋል።

ጥሬ ዕቃው በአገር ውስጥ የለም እንዳይባል፣ ባሕር ዛፍ በየኮረብታው ነው። የጤፍና የስንዴ ጭድ አለ። ቀርከሃ አለ። የእንሰት ቃጫ አለ። ወንጂ ከስኳር ፋብሪካ ጎን ተቀምጦ የሸንኮራ አገዳው ገለባ ቦይለር ውስጥ ይነዳል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን እነዚህን ወደ ፐልፕ (ወረቀት ወደሚሠራበት የፋይበር ሊጥ) የመቀየር ጥናቶች ተሠርተዋል፣ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች የታተሙም አሉ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎችም ብዙ ናቸው። እነዚህን ጽሑፎች ሳነብ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ጥናቱ የሚቆመው ላቦራቶሪ ውስጥ በተሠራች አንዲት የወረቀት ናሙና ላይ ነው። ከዚያ ወደ ፋብሪካ የሚወስድ መንገድ የለም። ፋብሪካውም የሚያስጨንቀውን ጥያቄ ለተማሪው የሚነግርበት ቦታ የለም።

«የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር» የሚለው ሐረግ በየስብሰባው ይሰማል። የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሳል። የአፕልተን ሰዎች ግን ከፊርማ በላይ ሦስት ነገር ነበራቸው። በየዓመቱ የሚከፈል መዋጮ። ለጋራ የተቀመጠ አንድ ግልጽ ጥያቄ። ተመርቆ ፋብሪካ የሚገባ ሰው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ነገሩ ይፈርሳል። በእኔ ግምት በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው መካከለኛው፣ ጥያቄው ነው።

ቆራሌውንም ማንሳት አለብኝ። በየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው ካርቶን ለወረቀት ኢንዱስትሪው የአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ ሲለይና ሲጠቀለል የሚውለው ሰው ደረቁን ከእርጥቡ፣ ንጹሑን ከዘይታሙ በእጁ ዳስሶ ይለያል። ይህ እውቀት ነው። በላቦራቶሪ ቋንቋ የፋይበር ጥራት ምደባ ይባላል። ምርምር ሲታሰብ ከዩኒቨርሲቲውና ከፋብሪካው ሌላ እነዚህ ሰዎች መቀመጫ ሊኖራቸው ይገባል፣ የሚገባቸውም ዋጋ ሊከፈላቸው ይገባል። ለንጹሕ ካርቶን የተሻለ ዋጋ ካልተከፈለ ማንም አይለይም። ካልተለየ ደግሞ የሚወጣው ወረቀት ደካማ ይሆናል።

ለመጀመር ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም። ወረቀት በአብዛኛው የሚለካው በ23 ዲግሪ ሴልሺየስና በ50 በመቶ እርጥበት በተጠበቀ ክፍል ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ክፍል፣ አንድ የሳጥን መጫኛ ማሽን፣ አንድ የጠርዝ መለኪያ፣ አንድ እርጥበቱ ከፍና ዝቅ የሚል ቀዝቃዛ ክፍል ያስፈልጋል። ወጪውን ካርቶን ፋብሪካዎችና አበባ ላኪዎች ሊካፈሉት ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲ ቤቱንና ተማሪዎቹን ያቀርባል። የመንግሥት የደረጃዎች ተቋም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይቀመጣል፣ 28 ዓመት እንዳንጠብቅ።

የመጀመሪያው ጥናት ርዕስም በግልጽ ይታየኛል። ከምናለሽ ተራ የተሰበሰበ ካርቶን ተመልሶ ወረቀት ሲሆን፣ ያ ወረቀት የአበባ ሳጥን ሲሆን፣ በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ ቆይቶ ቦሌ ካርጎ ሜዳ ላይ ፀሐይ አግኝቶት፣ ተመልሶ አውሮፕላን ውስጥ ሲቀዘቅዝ ስንት ኪሎ ይሸከማል? ካልቻለስ ስንት በመቶ የውጭ ክራፍት ቢጨመርበት ይበቃዋል? ይህ ቁጥር ሲገኝ ላኪው ለአስመጪው የሚያሳየው ሰነድ ይኖረዋል፣ ፋብሪካውም ምን ያህል ዶላር እንደሚያድን ያውቃል።